የእህቴ ተቀባይ

እህቴ በኢንተርኔት ግጥም ያነበበችው አንድ ቀን ብቻ ነው። አነበበች ማለቴ ትክክል አይደለም፤ ማንበብ ብዙም አትችልም ነበር። ግጥም አለች ማለት ይሻላል። ያን ቀን ከጎኗ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲጠይቁኝ ኔትወርክ ተቋርጦ ነው እያልኩ ቆይቻለሁ። ኔትወርክ አልተቋረጠም።

ከሁሉ በፊት ተቀባይ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር ትንሽ ይመስላል። እኛ መንደር፣ ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ በሚወስደው በኩል፣ ሰው ብቻውን ግጥም አይልም። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ አጨዳ ይሁን ውቂያ፣ አንዱ ሁለት መስመር ይላል፤ ሌላው የመጨረሻዋን ቃል ይቀበላል። ቃሏን ራሷን ጮክ አድርጎ መልሶ ይሰጠዋል። ሰምቼሃለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። ካልተቀበሉት ግን አይቀጥልም። ሳይቀበሉት መቀጠል፣ ግባ ሳይባል ሰው ቤት ገብቶ እንደመቀመጥ ነው። አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት መስመር አሉ፤ ሰው ሁሉ ምግቡ ላይ ነበርና የተቀበላቸው አልነበረም። ሽማግሌው ሳይቆጡ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። የሙሽራው አባት የሠርጉ ወቅት እስኪያልቅ ድረስ ሽማግሌ እየላከ ይቅርታ ሲጠይቅ ከረመ።

ይህን የማያውቅ ሰው በመንደራችን የለም። እኔም አውቃለሁ።

እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ሲሞት አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ ከሁለታችን አንዳችን መማር አለብን ተባለና እሷ ቀረች። እኔ ሰቆጣ ገብቼ እንድማር በየሁለት ሳምንቱ ስንቄን ተሸክማ በእግሯ ታመጣልኝ ነበር። ቆሎውንና ድርቆሹን ካስረከበችኝ በኋላ ደብተሬን ትገልጥና፣ የማትረዳውን ገጽ ለረጅም ጊዜ ታየው ነበር። ቀዩን እርማት ካየች ትጠይቀኛለች። ትክክል ነው ማለት ነው እላታለሁ። ያኔም እዋሽ ነበር ማለት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ተነስቼ ራሴን አስተዋወቅሁ። አፌን የፈታሁት በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛዬ ይሰበራል። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ የተናገርኩትን ቃል እንደኔው አድርጎ ደገማት፤ ዓመቱን ሙሉ መጠሪያዬ ሆነች። እኔም አማርኛዬን ማስተካከል ጀመርኩ። ሬዲዮ እየሰማሁ፣ የዜና አንባቢውን እየተከተልኩ አፌን አቀናሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ከየት እንደመጣሁ ማንም ከአፌ አያውቅም ነበር። ይህንን ትምህርት ነው ብዬ እቆጥረው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ከመሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ባለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩና ማመልከቻ እጽፍ ጀመር። ከገጠር የመጡ ሰዎች ጉዳያቸውን በኽምጣንጋ ሲነግሩኝ፣ ሰምቼ በአማርኛ እመልስላቸው ነበር። አንዲት እናት፣ የማን ልጅ ነህ፣ ሁሉንም ትሰማለህ አይደል፣ ብለው ጠየቁኝ። ሥራ ስለለመድኩ ነው አልኳቸው።

እህቴ በዚያው ጊዜ የአባታችንን መሬት የይዞታ ደብተር በእናታችን ስም ለማዛወር ትመላለስ ነበር። ቢሮ ትገባለች፣ ያዘጋጀችውን አማርኛ ትረሳለች፣ ነገ ነይ ትባላለች። አብሬያት እንድገባ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ልግባ አላልኩም። ከዚያ መመላለስ ግጥሙ ወጣ። እዚህ የምጽፈው የእኔን ትርጉም ነው፤ በኽምጣንጋ ሲባል ከዚህ ይበልጣል።

ለቤተ ክርስቲያን ጫማዬን፣ ከደጅ አስቀምጬ እገባለሁ፤
ለቢሮ ግን አፌን ራሱን፣ ከደጅ አስቀምጬ እገባለሁ።

ስወጣ ጫማዬ አለ፣ ማንም አልነካውም፤
አፌን ግን ካኖርኩበት፣ ሄጄ አላገኘውም።

ከዚህ በኋላም አለው። በጥር ወር በአንድ ሠርግ ላይ ስትለው ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፤ ተቀባዩ ብዙ ነበር። ከእኔ ጋር ሠርጉ ላይ የነበረ አንድ የአማርኛ መምህር በስልኩ ቀዳት። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ለግጥም የሚሞት ሰው ነው። አንድ ቃል ሳይገባው ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቅ ነበር። በኋላ ተርጉምልኝ አለኝ፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ተረጎምኩለት። እሱ ደግሞ በየወሩ እሑድ በኢንተርኔት የግጥም ንባብ ለሚያዘጋጁ ወዳጆቹ ላከው። አንባቢዎቹ በየቤታቸው ሆነው ነው የሚያነቡት። የመጋቢቱ ንባብ መድረክ ላይ እምብዛም ለማይሰሙ ሰዎችና ቋንቋዎች የተለየ እንደሆነና እህቴን እንደሚፈልጓት ጻፉለት።

ነገሩን ስነግራት በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ሰዎቹ የት እንደሚሰበሰቡ ጠየቀችኝ። አይሰበሰቡም፣ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ በስክሪን ይተያያል አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«እና ማን ይቀበለኛል?»

«እኔ፣ እታለም» አልኳት።

«አንተ ከሆንክ ይበቃኛል» አለች፤ ወደ በቆሎዋም ተመለሰች።

ቅዳሜ ሄጄ አመጣኋት። መንገዱን ሁሉ እየተለማመድን መጣን። እሷ ሁለት መስመር ትላለች፣ እኔ እቀበላለሁ። በዚያ ገደል ለገደል ስጮህ ድምፄ ተመልሶ ይመጣ ነበር። አህያ የሚነዳ ሰው ከፊታችን ቆሞ ጠበቀንና እሱም አብሮኝ ተቀበለ። ከሚስቱ ቤት እንደተባረረ ሰው ለብቻህ አትጩህ ብሎ ቀለደብኝ። እህቴ በሳቅ እየፈነዳች እንጨት ላይ ተደግፋ ቆመች። ያን ቀን ጥሩ ተቀባይ ነበርኩ። የሚሰማን ያ ሰውና አህያው ብቻ ነበሩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ መምህሩ ቤት ሄድን። የተከራየው አንድ ክፍል ነው፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ በመጻሕፍት ከፍ አድርጎ አስቀምጦታል። አንድ ጓደኛውንም ጠርቶ ነበር። ጓደኛው ከኋላ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ዘወር ስል ያ ልጅ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ከኋላዬ ሆኖ ቃሌን የደገማት። አሁን የቢሮ ሠራተኛ ሆኗል። ተነስቶ አቅፎ ሳመኝ፤ እህቴንም በሁለት እጁ ጨበጣት። ክፉ ሰው አይደለም። ያንን ነገር እስከዚያ ቀን የሚያስታውሰው አይመስለኝም። የማስታውሰው እኔ ነኝ።

ስክሪኑ ላይ ሰዎች በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። የእኛም ሳጥን አለች፤ እህቴ፣ እኔ፣ ከኋላችን የእሱ ጉልበት። አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ወረቀቷን በጣቷ እየዳሰሰች አነበበች። ቀጥሎ መስማት የተሳነው ወጣት በእጆቹ ግጥም አለ፤ ጓደኛው በድምፅ ተከተለው። ሲጨርስ በየሳጥኑ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ አራገበ። ለካ ለእሱ የሚጨበጨበው እንደዚያ ነው። እህቴ ደስ አላት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አየህ፣ ይህንንም ሁሉም ተቀበለው አለችኝ።

ተራዋ ደረሰ። ንባቡን የምትመራው አስተናጋጅ በጣም ትሑት ልጅ ነበረች። ኽምጣንጋን በመድረካቸው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገረች። አንባቢዋ እስክትጨርስ ሁሉም ድምፁን ዘግቶ እንዲቆይ ለመነች፤ ከዚያ ወንድሟ አማርኛውን ያነብልናል አለች። ይህንን እኔም እህቴም ሰማን። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሊቀበላት አይችልም ማለት ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ነጠላዋን አስተካከለች። ቢሮ ስትገባ እንደምትፈራው አልፈራችም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በሠርጉ ቀን እንዳለችው አለቻቸው። ከዚያ ቆመች።

ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች። አንዲት ቃል ናት። ስክሪኑ ላይ የራሴን ፊት አየሁ። ከኋላዬ ያለው ጉልበት ተንቀሳቀሰ፤ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺን ቃል ጮክ ብዬ ካልኳት፣ በዚያ በገደሉ ድምፅ ካልኳት፣ አራት ዓመት ያቀናሁት አፍ በአንድ ጊዜ ይታወቅብኛል ብዬ አሰብኩ። ይህን ያህል አሰብኩ ማለት ይከብዳል። ምላሴ አልተነሳም ብል ይሻላል፤ ግን እንዳይነሳ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ጠበቀች። ራሷን ዘወር አድርጋ አየችኝ። አልተቆጣችም። የረሳሁ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ሁለተኛዎቹን ሁለት መስመሮች አለች። እነዚህን ማለት አልነበረባትም፤ ሳይቀበሏት መቀጠሏ ነው። ለእኔ ብላ ደንቧን አፈረሰች። እንደገና ቆመች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመጽሐፍ ጀርባ አየሁ።

ዝምታው ሲረዝም አስተናጋጇ ተጨነቀች። ድምፅ የተቋረጠ መሰለኝ፣ ትሰሙናላችሁ ወይ አለች። ያኔ ምላሴ ተነሳ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብዬ፣ በዜና አንባቢው አማርኛ፣ «ይቅርታ፣ ኔትወርክ ነው። ጊዜ እንዳንወስድ እኔ ትርጉሙን ላንብብ» አልኩ። አነበብኩም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እሷ ያልደረሰችበትን ሁሉ አነበብኩ። አንዴም አልተደናቀፍኩም። በየሳጥኑ ጭብጨባ ሆነ፤ ልብና አበባ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። አንድ ሰው፣ እንዴት ያለ ውብ አማርኛ ነው፣ ብሎ ጻፈ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አንተ እኮ ገጣሚ ነህ» አለኝ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። እህቴ እዚያው ተቀምጣ እያለች ደስ አለኝ።

ስንወጣ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋት።  መለያያችን ላይ ስንደርስ ጠየቀችኝ።

«ኔትወርክ የሚሉት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ላለ ሰውም ይቋረጣል?»

 መልስ ሳትጠብቅ የያዝኩላትን ጨውና ሳሙና ተቀበለችኝና እንዳይመሽባት ፈጠን ብላ ሄደች። ቤት ስትደርስ ለእናታችን፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ነው እንጂ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ወንድሜም ጎበዝ ነው፣ ብላ ነገረቻት። ለፋሲካ ስሄድ ከእናቴ አፍ ነው ይህንን የሰማሁት። በዚያው ሰሞን በጎረቤት ሠርግ ላይ ልትል ስትነሳ ከጎኗ ነበርኩ። አላየችኝም። ራቅ ብሎ የተቀመጠውን የጎረቤት ልጅ ጠርታ፣ ና ተቀበለኝ አለችው።

በነሐሴ ሆዷን ታመመች። በቃሬዛ አድርገው እስከ መኪና መንገዱ አወረዷት፤ ሰቆጣ ሆስፒታል ስትደርስ ደክማ ነበር። ሕመሟን በአማርኛ መናገር አቃታት። በሰው በተሞላ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ቆሜ በኽምጣንጋ እየጠየቅኋት፣ ለሐኪሙ እተረጉም ነበር። ጮክ ብዬ ነበር የምናገረው፤ ጆሮዋ እየራቀ ነበርና። ማን እንደሰማኝ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ትንሽ ቀለል አላት። ልነግራት፣ ያን ቀን እኮ ልላት አሰብኩ። ሲሻላት እነግራታለሁ አልኩ። ከሰዓት በኋላ አረፈች።

በቀብሯ ዕለት አልቃሿ ሁለት ሁለት መስመር ስትል ሕዝቡ ይቀበል ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ ድምፅ አልወጣልኝም። ሰዎች ደግፈው ያዙኝ። ኀዘኑ ጠንቶበት ነው፣ እህት ናት እናትም ናት ለእሱ፣ እያሉ አዘኑልኝ። ኀዘን ብቻ አልነበረም። በሕይወት ሳለች ሳልቀበላት ቀርቼ በሬሳዋ ላይ ልቀበል ድፍረት አጣሁ።

በኅዳር የንባቡ አዘጋጆች ለመምህሩ እንደገና ጻፉ። መሞቷን ነግሯቸው ነበር። የሚቀጥለውን እሑድ ለእሷ መታሰቢያ ልናደርገው እንፈልጋለን፣ ያ ድምፀ መልካም ወንድሟ ያንብብልን አሉ። ድምፀ መልካም የሚለውን መምህሩ በደስታ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እናቴም እንድትመጣ መከረኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን እምቢ ለማለት ምክንያት መንገር ነበረብኝ።

እናቴ በጥቁር ልብሷ መጣች። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር፣ እህቴ በተቀመጠችበት ላይ አስቀመጥናት። መምህሩ ላፕቶፑን ሊያገናኝ ይሞክር ነበር። እናቴ አማርኛዋ ጥቂት ነውና በኽምጣንጋ ነበር የምታዋራኝ። ስክሪኑን፣ መጻሕፍቱን፣ አልጋውን አየች።

«እህትህ ግጥሟን እዚህ ነው ያለችው?»

አዎ አልኳት።

«አንተ የት ነበርክ?»

እዚህ፣ ከጎኗ አልኳት።

«ታዲያ እዚህ ከነበርክ» አለችና ቆመች። ሐሳቡ ገና ሲመጣላት አየሁት። «ሰዎቹ ባይሰሟትም አንተ ትሰማታለህ። ተቀበልካት?»

ኔትወርክ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ መጣች። ስምንት ወር ያህል ስላልኳት አፌን ለምዳዋለች። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር፤ ቢሰማም አይገባውም። አልተቀበልኳትም አልኳት። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ አፍሬ ነው አልኩ። በማን አፈርክ አለችኝ። በእሷ አይደለም ማለት ፈለግሁ፤ በራሴ ነው፣ በአፌ ነው ማለት ፈለግሁ። ግን ከዚያ ወንበር አጠገብ ሆኖ ይህ ሁሉ አንድ ነው።  እናቴ አላለቀሰችም፣ አልመታችኝም፣ አልረገመችኝም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ተከፈተ፤ ሰዎቹ በየሳጥናቸው መጡ። አስተናጋጇ ስለ እህቴ ጥሩ ነገር ተናገረች። ያን ቀን ኔትወርክ ድምፅዋን እንዳቋረጠባቸው፣ ግን ወንድሟ እንዳዳነላቸው ተናገረች። አሁንም እሱ ያነብልናል አለች። ወረቀቱን አነሳሁ። እናቴ እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ዝቅ አደረገችው።

«እኔ እላለሁ፤ አንተ ተቀበል።»

ለአስተናጋጇ እናቴ እንደምትል፣ እኔ ደግሞ እንደምቀበል ነገርኳት። ያን ቀንም ኔትወርክ እንዳልተቋረጠ፣ መቀበል የነበረብኝ እኔ እንደነበርኩና ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ። አማርኛዬ ተሰባበረ፤ ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም።  መምህሩ ዘወር ብሎ አየኝ።

እናቴ ግጥሙን ከእህቴ አፍ በቃሏ ይዛው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አለች። እንደ እህቴ አይደለም፤ እሷ ታስቅበት ነበር፣ እናቴ እንደ ለቅሶ አወረደችው። ቆመች። ቃሏን ተቀበልኩ። መጀመሪያ ተሰንጥቃ ወጣች። እናቴ ጠበቀች፤ አልቀጠለችም። እንደገና ተቀበልኩ፣ በመንገዱ ገደል ላይ እንደተቀበልኩት አድርጌ። ሁለተኛዎቹን አለች። ተቀበልኩ። እህቴ ያልደረሰችባቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እያለች፣ አንድ በአንድ እየተቀበልኩ ጨረስን። ግድግዳው ስስ ነው፤ የግቢው ሰው ሳይሰማኝ አልቀረም።

 ከዚያ ከስክሪኑ አንዱ ጥግ ላይ ያ መስማት የተሳነው ወጣት ሁለት እጁን አንስቶ አራገበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እናቴ አላየቻቸውም። ወደ እኔ ዞራ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እህቴ ደብተሬን ታየው እንደነበረው።

«ድምፅህ እኮ ደህና ነው» አለች።

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፤ ወደ በሩም ሄደች።